ዲትሮይት፦ መኪና የወለዳት፣ መኪና የበተናት ከተማ

የአንድን ከተማ ታሪክ መጻፍ በመሠረቱ የታሪክ ባለሙያ ተግባር እንጂ የመሐንዲስ አይደለም። ሆኖም የከተማው ሕንፃዎች፣ መንገዶችና ቧንቧዎች የመሐንዲስ እጅ ሥራዎች ስለሆኑ፣ የከተማውም ዕድል በነዚሁ ሥራዎች ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሲገኝ ሙያተኛው ዝም ማለቱ ተገቢ አይመስለኝም። የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ከሙያችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ለሙያ ስብሰባ ወደ አሜሪካ ሄጄ ሳለ በተረፉኝ ሁለት ቀናት፣ በሚሺጋን ግዛት በምትገኘው በዲትሮይት ከተማ በኪራይ መኪና ስዘዋወር ያየሁት ነገር ከኅሊናዬ ሊጠፋ ስላልቻለ ብዕሬን ወደዚያው መልሻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

ሊመረመር የተፈለገው ጥያቄ አጭር ነው። በ1950 1,849,568 ሕዝብ ይኖርባት የነበረች ከተማ በ2020 በተደረገው ቆጠራ 639,111 ሰው ብቻ የተገኘባት ስለ ምንድን ነው? የጠላት ጦር አልደበደባትም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ አልደረሰባትም፤ ወንዟም አልደረቀም። ብዙዎች ምክንያቱን ከዘር መድልዎ፣ ከአስተዳደር ጉድለትና ከውጭ አገር ውድድር ጋር ያያይዙታል። ሁሉም እውነትነት አላቸው። እኔ በበኩሌ የምመለከተው የሙያችንን ድርሻ ነው። ይኸውም ከተማዋን ካራቆቷት ውሳኔዎች ብዙዎቹ የተሳሳቱ ሳይሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲታዩ ስሌታቸው የሠመረ ውሳኔዎች መሆናቸው ነው።

የኪራይዋ መኪና

የዲትሮይት አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ መሐል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይገኛል። ከመኪና አከራዮቹ ወደ አንደኛው ቢሮ ገብቼ ተራዬ ሲደርስ፣ ከተማዋን በአውቶቡስ ለመጎብኘት ይቻል እንደሆነ ሠራተኛዋን ጠየቅኋት። "የትኞቹን ቦታዎች ነው ለማየት የፈለጉት?" አለችኝ። የጻፍሁትን ዝርዝር ሰጠኋት። አንብባ ስታበቃ ምንም ሳትናገር እጇን ለመንጃ ፈቃዴ ዘረጋች፤ ጥቂት ቆይታም ቁልፉን አቀበለችኝ።

መኪናዋ ትንሽና ነጭ ነበረች። ሞተሯን ከማስነሣቴ በፊት እንደ ልማዴ ከፊተኛው መስተዋት ሥር የሚነበበውን የሻንሲ ቁጥር ተመለከትሁ። የመጀመሪያው አኃዝ 3 ነበር። ይህም አኃዝ በዓለም አቀፉ የተሽከርካሪዎች መለያ ደንብ መሠረት መኪናው የተገጣጠመው በሜክሲኮ መሆኑን ያመለክታል። መኪናን በብዛት መሥራትን ለዓለም ባስተማረች ከተማ ከሌላ አገር የመጣ መኪና መሰጠቴ ለጊዜው ፈገግ ቢያሰኘኝም ትርጉሙ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ጉዞዬን በርቀት ሳይሆን በዘመን ቅደም ተከተል አወጣሁት። ይህ አካሄድ ቤንዚን ያባክናል፤ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ፣ ከምሥራቅ ተመልሶ ወደ ምዕራብ ያመላልሳል። ነገር ግን ፋብሪካዎቹን በተሠሩበት ተራ ካላዩአቸው አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳስረጀው አይታይም።

ከእንጨት ወለል ወደ አርማታ

ዲትሮይት በ1701 በፈረንሳውያን የተቆረቆረች ስትሆን ስሟም በቋንቋቸው "ጠባብ የውኃ መተላለፊያ" ማለት ነው። መኪና ከመምጣቱ በፊት ምድጃ፣ የባቡር ፉርጎና የመርከብ ሞተር ይሠራባት ነበር። በ1900 የነበራት ሕዝብ 285,704 ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያዬ በፒኬት ጎዳና የሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ነበር። በ1904 የተሠራው ይህ ሕንፃ ግድግዳው ጡብ፣ ዐምዱና ወለሉ እንጨት የሆነ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። የቀን ብርሃን እንዲደርስበት ጠባብና ረዥም ሆኖ መሠራቱ ከቀድሞዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የተወረሰ ዘዴ ነው። ስመ ጥሩው ሞዴል ቲ መኪና የታቀደውም፣ በ1908 መሠራት የጀመረውም እዚህ ነው። መኪናው በአንድ ቦታ ቆሞ ሠራተኞቹ ዕቃውን እያመጡ ይገጥሙት ነበር። ሕንፃው አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ የእንጨቱ ወለል ሲረገጥ ዛሬም ይንቋቋል።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቼ የፓካርድ ፋብሪካ ወደነበረበት ስፍራ ደረስሁ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ ቦታ ታላቅ ትርጉም አለው። አርክቴክቱ አልበርት ካን በ1905 አሥረኛውን የፓካርድ ሕንፃ የሠራው በአርማታ ነበር። የብረት አሠራሩን ያወጣው ወንድሙ መሐንዲሱ ጁሊየስ ካን ነው። በዚያ ዘመን የአርማታ ቢም በድጋፎቹ አጠገብ በሸር ኃይል እየተሰነጠቀ ያስቸግር ስለነበር፣ ጁሊየስ ከዋናው ፌሮ ጋር የተያያዙ፣ በ45 ዲግሪ ወደ ላይ የታጠፉ ክንፎች ያሉት ብረት ፈለሰፈ። በዚህም ምክንያት እሳት የማይበላው፣ የመሣሪያ መንቀጥቀጥ የማያናጋው፣ በዐምዶቹ መካከል ሰፊ ቦታ ያለውና ግድግዳው በመስኮት የተሞላ ፋብሪካ ለመሥራት ተቻለ። የእንጨት ወለል ያላቸው ፋብሪካዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለፈ ዘመን ሥራ መሰሉ።

ፓካርድ በዚህ ፋብሪካ መኪና መሥራት ያቆመው በ1956 ነው። ሕንፃው ከዚያ በኋላ ለልዩ ልዩ ጥቃቅን ሥራዎች ሲከራይ ቆይቶ በመጨረሻ ባዶውን ቀረ። መዳብና ብረት ፈላጊዎች ቦርቡረውት፣ ዝናብና ውርጭ ተፈራርቆበት ለብዙ ዓመታት ከቆመ በኋላ ከተማዋ በ2022 ማፍረስ ጀመረች። እኔ በደረስሁ ጊዜ አብዛኛው ስፍራ የሽቦ አጥር ያለው ሜዳ ሆኖ ሣር በቅሎበታል። መኪናዬን ዳር አስይዤ ጥቂት ቆየሁ። አርማታው ከተጠበቀበት በላይ አገልግሏል። ፋብሪካውን የጣለው የግንባታ ጉድለት አለመሆኑን ለማወቅ ወደ ሰሜን መንዳት ያስፈልጋል።

ተንቀሳቃሹ መስመር

ወደ ሰሜን የሚወስደው ዉድዋርድ ጎዳና ነው። ከስድስተኛው እስከ ሰባተኛው ማይል ድረስ ያለው የዚህ ጎዳና ክፍል በ1909 በኮንክሪት ተሠርቶ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮንክሪት አውራ ጎዳና ተብሏል። ከዚያ ሳይደርሱ በዲትሮይት መሐል እንደ ደሴት የተከበበች ሌላ ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟም ሃይላንድ ፓርክ ይባላል። ፎርድ ከፒኬት ወጥቶ በ1910 ወደዚህ ገባ። ሕንፃው ይኸው አልበርት ካን በአርማታና በመስተዋት ያቆመው ባለ አራት ፎቅ ነው። ጥሬ ዕቃው በክሬን ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣና እየተሠራ በአሸንዳ ወደ ታች ይወርዳል። የመሬት ስበት ያለ ደመወዝ እንዲሠራ ተደርጓል ማለት ነው።

በ1913 በዚህ ፋብሪካ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ተዘረጋ። ቀድሞ አንድን ሻንሲ ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ሥራ በሚቀጥለው ዓመት በ93 ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። ሲጀመር 850 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሞዴል ቲ በ1925 ዋጋው እስከ 260 ዶላር ወረደ፤ በ1927 ማምረቱ እስኪቆም ድረስም 15 ሚሊዮን ተሠራ።

ፍጥነቱ ግን በሰው ጉልበትና ትዕግሥት የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ የሚውል ሠራተኛ ሥራውን እየጣለ ይሄድ ስለነበር፣ በ1913 የሠራተኞች መለዋወጥ 370 በመቶ ደረሰ። ፎርድ በጥር 1914 የቀኑን ደመወዝ ከ2.34 ወደ 5 ዶላር፣ የሥራውንም ሰዓት ከ9 ወደ 8 የለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከአምስቱ ዶላር ግማሽ ያህሉ የሚከፈለው የኩባንያው መርማሪዎች የሠራተኛውን ቤትና ኑሮ አይተው ሲፈቅዱ ብቻ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሆነ ሆኖ ወሬው በዓለም ተሰማ። ከአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮችና ነጮች፣ ከፖላንድ፣ ከኢጣሊያ፣ ከሶርያና ከሊባኖስ ስደተኞች ጎረፉ። በ1920 የዲትሮይት ሕዝብ 993,678፣ በ1930 ደግሞ 1,568,662 ሆነ። ከተማዋ የአንድ ዕቃ ከተማ ሆነች።

እንግዲህ ታሪኩ የሚታጠፈው እዚህ ላይ ነው። ተንቀሳቃሹ መስመር ራሱ የተወለደበትን ሕንፃ አስረጀው። መስመር በባሕርዩ አግድም ነው፤ ፎቅና ደረጃ አይወድም። ዕቃን ወደ አራተኛ ፎቅ ማንሣት ወጪ ነው፤ በዐምዶች መካከል መጠማዘዝ ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ዓለም የተደነቀበት ፋብሪካ ከተከፈተ ከ17 ዓመት በኋላ ዋናው የመገጣጠም ሥራ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ከሕንፃዎቹ ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመዋል። ሃይላንድ ፓርክ ግን የመብራት ዕዳዋን መክፈል አቅቷት በ2011 ከ1,000 በላይ የመንገድ መብራቶች ከነምሰሶዎቻቸው ተነቅለው ተወስደውባታል። ማታ ላይ በዚያ ሳልፍ የጎዳናውን ዳር የማየው በመኪናዬ ፋና ብቻ ነበር።

አግድሙ ፋብሪካ

ፎርድ የተዛወረው በዲትሮይት ምዕራባዊ ድንበር፣ በዲርቦርን ከተማ፣ ሩዥ በተባለው ወንዝ ዳር ነው። ሥራው በ1917 ተጀምሮ ቀስ በቀስ የብረት ማቅለጫው፣ የመስተዋት ፋብሪካው፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫውና የባቡር ሐዲዱ በአንድ ግቢ ተሰበሰቡ። የብረት አፈር በመርከብ ይገባል፤ መኪና በመንኮራኩሩ ይወጣል። ከ100,000 በላይ ሠራተኞች የነበሩበት ዘመን አለ። የካን ንድፍም ተለወጠ፤ የአርማታውን ፎቅ ትቶ በብረት የተዋቀረ፣ ጣራው ብርሃን የሚያስገባ፣ ባለ አንድ ወለል አዳራሽ ሆነ። ይህ ንድፍ ፖለቲካ አይለይም። ሶቪየት ኅብረት የስታሊንግራድን የትራክተር ፋብሪካ ያሠራችው ለዚሁ ለካን ድርጅት በሰጠችው ውል ነው። በሩዥ በር ላይ ባለው መሸጋገሪያ ድልድይ ደግሞ በግንቦት 1937 የሠራተኛ ማኅበር አዘጋጆች በኩባንያው ጠባቂዎች ተደብድበዋል። ኩባንያው ማኅበሩን አውቆ ውል የፈረመው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ስሌቱን እንከተል። ባለ አንድ ወለል ፋብሪካ የሚያመርተው በርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ሰፊ መሬት በከተማ መሐል አይገኝም፤ ቢገኝም ውድ ነው። ሠራተኛውም የሠራውን መኪና ገዝቶ እየነዳ ስለሚመጣ ፋብሪካው ከትራም መስመር አጠገብ መሆን አያስፈልገውም። ይልቁንስ የመኪና ማቆሚያ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሌላ መሬት ነው። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ከከተማ ይውጣ።

ወጣም። ከ1947 እስከ 1958 ባሉት ዓመታት ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች በዲትሮይት አካባቢ 25 አዳዲስ ፋብሪካዎች ሲሠሩ ሁሉም የተሠሩት ከከተማዋ ወሰን ውጭ ነበር። ከ1947 እስከ 1963 ከተማዋ 134,000 የፋብሪካ ሥራዎች አጣች። እነዚህን ዓመታት አንባቢ ልብ እንዲላቸው እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የዲትሮይትን ውድቀት የሚጀምረው ከ1967ቱ ሁከት ወይም የጃፓን መኪና ከገባበት ጊዜ ነው። ሥራው ግን ሁለቱም ከመምጣታቸው በፊት መውጣት ጀምሮ ነበር።

ከመሬት በታች የሚሄደው መንገድ

በሁለተኛው ቀን ዴቪሰን በተባለው መንገድ ነዳሁ። በ1942 የተከፈተው ይህ መንገድ በአሜሪካ በከተማ ውስጥ ከመሬት ዝቅ ተደርጎ የተቆፈረ የመጀመሪያው ፈጣን መንገድ ነው። መስቀለኛ መንገዶች በድልድይ ከላይ ያልፋሉ፤ መኪናው ሳይቆም ከታች ይሄዳል። እንደ መሐንዲስ ሳየው የሚያስደስት ሥራ ነው። ሆኖም እንደ መንገደኛ ግራና ቀኝ የማየው የኮንክሪት ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ከተማዋን ከእግር እስከ ራስ አቋርጬ ከተማዋን ሳላያት ወጣሁ።

በደቡብ በኩል ክራይስለር የተባለው ፈጣን መንገድ አለ። ከዚህ መንገድ በፊት በስፍራው የነበረው ሄስቲንግስ ጎዳና ነው። የደቡቡ ጥቁር ሕዝብ ለሥራ በመጣ ጊዜ በሌላ ሰፈር ቤት እንዳይከራይና እንዳይገዛ ስለተከለከለ በዚሁ አካባቢ ተጨናንቆ ሰፈረ፤ ሱቁን፣ ሐኪም ቤቱን፣ የሙዚቃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ሠራ። በ1959 በተጀመረው የመንገድ ሥራ ጎዳናው ከነሰፈሩ ተነሣ። ተከራዮቹ አብዛኞቹ ምትክ ቤት አላገኙም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ በምሠራበት መሥሪያ ቤት በአንድ የመንገድ ጥናት ላይ ሁለት አማራጭ መስመሮችን አወዳድር ነበር። ሁለተኛው በ900 ሜትር ያጥራል፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ቤቶችም ዝቅተኛ ናቸው። ቤቶቹን "ካሳ" በሚል ርእስ ሥር በአንድ ረድፍ ደመርሁ፤ የአፈር ቆረጣውንና የድልድዩን ወጪ ግን በአሥራ ሁለት ረድፍ ዘርዝሬ ነበር። ሁለተኛው አማራጭ ተመረጠ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢመረመር ስሕተት አይገኝበትም። የክራይስለርን መንገድ ስነዳ ያ አንድ ረድፍ ትዝ አለኝ።

መንገዱ ብቻውን ከተማ አይበትንም። በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የቤት ብድር ጥቁሮች ላሉበት ሰፈር ይከለከል ነበር። በከተማዋ ሰሜናዊ ድንበር በስምንተኛው ማይል ጎዳና አጠገብ እስከ ዛሬ የቆመ አንድ ግንብ አለ። በ1941 አንድ የቤት ሥራ ተቋራጭ ለነጮች ለሚሠራቸው ቤቶች የብድር ዋስትና እንዲያገኝ ብሎ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያቆመው ነው፤ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ርዝመቱ 800 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሥራው ወደ ውጭ ወጣ፤ መንገዱ ወደ ውጭ ተዘረጋ፤ ብድሩም ወደ ውጭ ለሚወጣው ለነጩ ብቻ ተፈቀደ። የተገፋው ሕዝብ ቁጣ በሐምሌ 1967 ሲፈነዳ 43 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሰው ቁጥር በእጅጉ ጨመረ።

በመካከሉ ትራሙ ቀርቷል። የመጨረሻው ትራም በዉድዋርድ ጎዳና ላይ የተጓዘው በሚያዝያ 1956 ሲሆን፣ ገና ያላረጁት ሠረገላዎች ለሜክሲኮ ሲቲ ተሸጡ። የኪራይ መኪናዬ የሻንሲ ቁጥር ትርጉም የገባኝ ይህን ባሰብሁ ጊዜ ነው። ከተማዋ ሕዝብ ማጓጓዣዋን ለሜክሲኮ ሸጠች፤ ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ እኔ ያለ መኪና የማልንቀሳቀስባት ሆና ከሜክሲኮ የመጣ መኪና ተከራየሁባት። ጎዳናዎቿ እጅግ ሰፋፊዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ በቀይ መብራት ፊት ብቻዬን ቆሜ ማንም የማያልፍበትን መስቀለኛ ጠብቄአለሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ

ከተማዋ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ1981 ጄኔራል ሞተርስ አዲስ ፋብሪካ በከተማዋ ውስጥ ይሠራ ዘንድ ፖልታውን በተባለው ሰፈር የሚኖሩ ከ4,000 በላይ ሰዎች በሕግ ኃይል እንዲነሡ ተደረገ። ከ1,000 በላይ ቤቶች፣ ሱቆችና አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በዚያው ዓመት ፈቀደ፤ በ2004 በሌላ ክርክር ላይ ግን ያንኑ መርሕ መልሶ ሻረው። 6,000 ያህል ሥራ ይገኛል ተብሎ ነበር፤ ፋብሪካው ሲከፈት ግን ብዙው ሥራ ለሮቦት ተሰጥቶ ስለነበር ቁጥሩ ለብዙ ዓመታት ከዚያ በታች ሆነ። ባለ አንድ ወለሉ ፋብሪካ ወደ ከተማ እንዲመለስ ከተማዋ ራሷ ሜዳ መሆን ነበረባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረታችን ይህን በሚገባ ይገልጸዋል።

ያልቀነሰው ቧንቧ

ሰው ሲሄድ ቤቱ ይፈርሳል፤ ከመሬት በታች ያለው ቧንቧ ግን አይሄድም። የዲትሮይት ስፋት 359 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1950 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 5,150 ሰው ይኖር ነበር፤ በ2020 ግን 1,780 ብቻ ነው። ስፋቱ አልተለወጠም። ስለዚህ በ1950 አንድ ሰው ይሸከመው የነበረውን የውኃ መስመር፣ የፍሳሽ ማስወገጃና የመንገድ ጥገና ወጪ ዛሬ ያለው ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሸከማል ማለት ነው። የቀረው ደግሞ ድኻው ነው። ከተማዋ በሐምሌ 2013 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ይዛ የመክሠር አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረበች፤ በአሜሪካ ከተሞች ታሪክ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ኪሳራ ታይቶ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ከመንገድ መብራቶቿ 40 በመቶ ያህሉ አይበሩም ነበር። በኋላ ልዩ ባለሥልጣን ተቋቁሞ እስከ 2016 መጨረሻ 65,000 አዳዲስ መብራቶች ተተከሉ። በገንዘብ እጥረት መካከል የተሠራ ስለሆነ ሊመሰገን የሚገባው የሙያ ሥራ ነው።

በምሥራቁ ክፍል በአንድ ጎዳና ስነዳ በመቶ ሜትር ውስጥ ሁለት ቤት ብቻ ቆመው አየሁ። የቀረው ሣር ነው፤ ግን የታጨደ ሣር ነው። አንድ ሽማግሌ በማጨጃ መኪና እየሠሩ ስለነበር መኪናዬን አቁሜ ሰላምታ ሰጠኋቸው።

"አባቴ፣ ይህ ቦታ የእርስዎ ነው?" አልኋቸው።

"አይደለም ልጄ፤ የጎረቤቴ ነበር። ያኛውም የጎረቤቴ ነበር።"

ሠላሳ አንድ ዓመት በመኪና ፋብሪካ በር ሲገጥሙ እንደኖሩ ነገሩኝ። ፋብሪካው ሲዘጋ ለምን እንዳልሄዱ ጠየቅኋቸው። ማጨጃውን አጥፍተው ጥቂት አሰቡ።

"እነሱ መሣሪያቸውን ጭነው ሄዱ" አሉኝ። "እኔ ቤቴን በምን ልጫነው?"

ይህ ንግግር ከብዙ ጥናት ይልቅ ነገሩን ግልጽ አደረገልኝ። ፋብሪካ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያ ይንቀሳቀሳል፤ ለእንቅስቃሴውም እኛ መሐንዲሶች ስሌት እናወጣለን። ቤት፣ ቧንቧ፣ ትምህርት ቤትና መቃብር ግን አይንቀሳቀሱም። የሁለቱ ዕድሜ ሲለያይ ልዩነቱን የሚከፍለው የማይንቀሳቀሰው ነው።

ማጠቃለያ

መኪናዋን ከመመለሴ በፊት የሚሺጋን ሴንትራልን ባቡር ጣቢያ አየሁ። በ1913 የተከፈተው ይህ ሕንፃ ከከተማው እምብርት ራቅ ብሎ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሳይኖረው፣ መንገደኛው በትራም ይመጣል ተብሎ የታቀደ ነበር። ትራሙ ሲቀር ጣቢያው ብቻውን ቀረ፤ በጥር 1988ም ተዘጋ። ሠላሳ ዓመት ያህል መስኮቱ ተሰባብሮ ከቆመ በኋላ በ2018 የገዛው ፎርድ ነው፤ ታድሶም በሰኔ 2024 ተከፈተ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የዲትሮይት ሕዝብ ከ1957 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ ማደጉን አስታወቀ። ስለዚህ ዲትሮይት የሞተች ከተማ ናት ማለት ለሚያጭዱት ሽማግሌ ውለታ ቢስነት ነው።

ለእኛስ ምን ትምህርት ይገኝበታል? አገራችንም በአንድ የምሕንድስና ውሳኔ የተወለደች ከተማ አላት። የባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1902 ከተራራው ግርጌ ሲያርፍ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። በአንድ ሥራ ተወልዶ ያደገ ከተማ ያ ሥራ ሲቀየር ምን እንደሚገጥመው የድሬዳዋ ሰው ከእኔ በተሻለ ሊናገር ይችላል።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በብዙ አገሮች የማዕድን ማውጫ ፈቃድ የሚጠይቅ ድርጅት፣ ማዕድኑ ሲያልቅ ጉድጓዱን ምን እንደሚያደርገው አስቀድሞ የመዝጊያ ዕቅድ ያቀርባል። ፋብሪካ ስንተክል ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አንጠየቅም፤ እኛም አንጠይቅም። የአዋጭነት ጥናታችን የመሣሪያውን ዕድሜ 20 ወይም 25 ዓመት ብሎ ያሰላል፤ በዙሪያው የሚሰፍረው ሕዝብ በሃያ ስድስተኛው ዓመት ምን እንደሚሆን የሚናገር ምዕራፍ የለውም። ያ ምዕራፍ ሊጻፍ ይገባል። ሕንፃው ለሌላ ሥራ መዋል ይችላልን? የውኃውና የመንገዱ ወጪ በማን ላይ ይወድቃል? ከአንዱ ሥራ ሌላ ምን ሥራ በአጠገቡ ይተከል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ አዲስ ሳይንስ አያስፈልግም፤ በሠንጠረዡ ላይ ጥቂት ረድፍ መጨመር ይበቃል። እኔ ያን ጊዜ "ካሳ" ብዬ በአንድ ረድፍ የደመርሁትን ዛሬ ብሠራው በስንት ረድፍ እንደምዘረዝረው እያሰብሁ ነው የተመለስሁት።

በአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛዋ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይታ ተገረመች። በሁለት ቀን ውስጥ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቻለሁ። "ከከተማ ውጭ ወጥተው ነበር እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከከተማውና ከአካባቢው አለመውጣቴን ነገርኋት፤ ሒሳቤን ከፍዬም ቁልፉን መለስሁላት።